በየማለዳው የሚታተም አንድ መስመር

የአያ ዋኘውን ሞት የነገረኝ ሰው አንድ ጊዜ ሊገድለው ጩቤ ይዞ የመጣው ሰው ነው። ደርሶ ይባላል። ባለፈው ሳምንት ከዳባት በአውቶቡስ ወርዶ፣ ፀዳ ከተማ ያለውን ቤቴን ጠያይቆ መጣ። ጋቢውን አዘቅዝቆ ደጃፉ ላይ ሲቆም መርዶ መሆኑን አወቅሁ።

«አያ ዋኘው ዐረፉ» አለኝ።

«በምን?»

«በሕመም። ሳንባቸው ነው አሉ።»

«የት ሆኖ?»

«በአልጋቸው ላይ ነዋ። ምነው?»

ሁለት ጊዜ አስደገምሁት። ዋኘው በአልጋው ላይ ይሞታል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። እሱም አላሰበም።

በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለ አንድ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት እሠራ ነበር። ቤቱ የሐጂ ኑርሁሴን ነው። ሐጂ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ነጋዴ ናቸው። ጨርቅ ሸጠዋል፣ ጨው ሸጠዋል፤ ኋላ ሁለት ኮምፒውተርና ሁለት ፕሪንተር ገዝተው ባለጉዳይ ማመልከቻ የሚያስጽፍበት ቤት ከፈቱ። ሥራዬ ሰው የተመታውን መጻፍ ነበር። «በያዘው ሽመል ግራ ትከሻዬን መትቶ»፣ «በፋስ ዛቢያ ሁለት ጥርሴን አውልቆ»፣ «ከጓዳ በጸጉሬ ጎትቶ አውጥቶ»። እንዲህ ያለውን ከጧት እስከ ማታ እተይባለሁ። የአንዱን ደም ጽፌ ሳልጨርስ ሌላው ራሱን በሻሽ አስሮ ተራ ይጠብቃል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰው ምንም አይሰማውም። እጅ ብቻ ይሠራል።

ዋኘው የመጣው በዘበኝነት ነው፤ ከወህኒ ቤት በወጣ በወሩ። ሐጂ ሲያስተዋውቁኝ አልደበቁም።

«የሺ፣ ይህ ሰው ነፍስ አጥፍቶ ታስሮ ጨርሶ የወጣ ነው። ኋላ ከሰው አፍ እንዳትሰሚው።»

«ታዲያ ለምን ቀጠሩት?»

«ሌባ ደጁን ረግጦ አያልፍማ!» ብለው ሳቁ።

ዋኘው አልሳቀም። ረጅም፣ አጥንታም፣ ጉንጩ የጎደጎደ ደገኛ ነው። ዕድሜው ከእኔ ስለሚበልጥ «ይቀመጡ» ብዬ ወንበር ሳቀርብለት እጁን አወዛወዘ።

«አንቱ አትበይኝ እታለም። ደም ያለበት ሰው አንቱ አይባልም።»

እዚህም ስለ እሱ ስጽፍ ያዘዘኝን አድርጌያለሁ።

እንዴት እንደገደለ የነገረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዳባት በላይ ባለው ደጋ የእርሻ ወሰን ላይ ነው። ቢራራ የሚባል ጎረቤቱ የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ሦስት ክንድ አስገባ። ዋኘው መልሶ ተከለው። እንደገና ነቀለው። በሦስተኛው ቢራራ በሽመል አናቱን ፈነከተው፤ ሚስቱ ፊት። ዋኘው ደሙን ሳይጠርግ ቤት ገብቶ ጠመንጃውን አወጣ።

«መሣሪያውን ሲያይ ሮጠ» አለኝ። «እየሮጠ ነው የመታሁት። ከኋላው ነው።»

መተየቤን ቀጠልሁ።

«ከኋላው» ብሎ ደገመው፤ ያልሰማሁት መስሎት።

መንግሥት ቢለቀውም የቢራራ ቤት አልለቀቀውም። የሟች እናት የልጄ ደም ሳይመለስ አላወልቅም ብላ ጥቁር ለብሳ ቀርታለች። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ በሩ ተዘግቶበታል። ገዳዩ ሲታሰር ገና ልጅ የነበረው የሟች ታናሽ ወንድም ደርሶ አድጓል፤ ወንድ በሚባልበት ዕድሜ ላይ ነው። ዋኘው ዳባት ከደረሰ ይሞታል፤ ይህን ደገኛው ሁሉ ያውቀዋል። ጎንደር መሆኑን ቢሰሙም የት እንደሚውል አያውቁም። ስለዚህ ዋኘው ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ሲበላም በአንድ እጁ ነው፤ ሌላው እጁ ለድንገተኛ ሁልጊዜ ባዶ ነው።

ወደ ፕሪንተር ቀለም ሥራ የገባው በራሱ አፍ ነው። ካርትሪጅ፣ የቀለሙ ማስቀመጫ፣ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነበር የሚመጣው፤ ውድም ነበር፤ ደግሞ ባለጉዳይ ቀጠሮው ሊያልፍበት ሲል ነው የሚያልቀው። ሐጂ ቀለም ይሞላል የተባለ ሰው ከባሕር ዳር አስመጡ። ሰውዬው ሲሪንጁን ሰክቶ በአንድ ትንፋሽ ገፋው። ቀለሙ በላይም በታችም ፈሰሰ፤ ጠረጴዛውም ሱሪውም ጠቆረ። ዋኘው ዱላውን ተደግፎ ከበሩ ያያል።

«ጌታው፣ በሬም እንዲህ ቢወጉት ይሞታል» አለ።

«አንተ ምን አገባህ? ዱላህን ጠብቅ!»

«በሬ ወግቼ አውቃለሁ ብዬ ነው።»

እውነቱን ነው። በአገሩ ከከብት ሐኪም ጋር እየዞረ ለከብት መርፌ ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው ካርትሪጅ ሲበላሽ ሐጂ ሰውዬውን አሰናብተው፣ «ና እንግዲህ ባለበሬ! ሙላው!» አሉት። ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱላውን ብዙም አልያዘም።

መብራቱ ቀልቶ ቀለም አልቋል እስኪል አይጠብቅም ነበር። ሥራ ስንጨርስ ካርትሪጁን አውጥቶ በመዳፉ ይመዝነዋል። «ይኸ ላም ነው» ይለኛል። «ጨርሶ እስኪነጥፍ አይታለብም።» ውስጡ ስፖንጅ አለ፤ ስፖንጁ አንዴ ከደረቀ ቀለም አይመጥም፣ የሚያትመው ጭንቅላቱም ይቃጠላል። ይህን ያስተማረው የለም፤ ከተበላሹት አንዱን በቢላ ሰንጥቆ አይቶ ነው የደረሰበት። መርፌውን ወደ ታች ጠልቆ ያስገባና ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ትንሽ ሰጥቶ ይቆማል፤ እስኪመጠው ይጠብቃል፤ እንደገና ይሰጠዋል። ቀዳዳው አፍ ላይ አንዲት ጤዛ ስታብጥ ያቆምና ያችኑ ጤዛ በመርፌው መልሶ ይስባታል። ቀዳዳውን በፕላስተር ይሸፍናል፤ በመርፌ ጫፍ ግን አየር መግቢያ ይተውለታል። ከዚያ ባጣጠፈው ሶፍት ላይ አፉን ደፍቶ ያሳድረዋል። ጧት ሶፍቱ ላይ የቀረው ጥቁር መስመር ቀጥ ያለ ከሆነ «ሸጋ ነው» ይላል። ከተቆራረጠ ለብ ባለ ውኃ ባረጠበው ጨርቅ ይዳብሰዋል እንጂ አይፈትገውም። ለየቀለሙ የየራሱ መርፌ ነበረው፤ ተሳስቶ ሲያቀያይር አላየሁም። ሌላ ቤት ሁለቴ ሦስቴ ተሞልቶ የሚጣለው ካርትሪጅ እሱ ዘንድ ስምንትም ዘጠኝም ጊዜ ይሞላል።

«ወላሂ፣ ይህ ሰው ከድንጋይ ቀለም ያልባል!» ይሉ ነበር ሐጂ።

ለእኔም ትእዛዝ ነበረው። ረቂቅ ሲሆን በሳሳ ቀለም አውጪው፤ ማኅተም የሚያርፍበትን ብቻ አጥቁሪው። የተበላሸ ወረቀት ጀርባው አለ። ምንም አይጣልም።

ፕሪንተር ሁለት ሦስት ቀን ሥራ ከፈታ አፉ ይደርቃል። ስለዚህ ዋኘው በየማለዳው፣ ባለጉዳይ ሳይገባ፣ አንድ መስመር እንዳወጣለት ጠየቀኝ። ከሥሩ ለባለቀለሙ ካርትሪጅ ሦስት ሰረዝ አሰምርለት ነበር፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ።

«መስመሩ ምን ይበል?» አልሁት።

አሰበ። «ቢራራን የገደልሁት እኔ ዋኘው ነኝ በይ።»

«ምነው አያ ዋኘው! ሌላ ነገር ጠፋ?»

«ሌላ የማውቀው እውነት የለኝም። ለየቀኑ አዲስ ቃል ከየት አመጣለሁ?»

ጻፍሁት። በማግስቱም በሠልስቱም ያንኑ አወጣሁ፤ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ማንበብ አይችልም ነበር፤ የዚያን መስመር ፊደል ግን መልክ በመልክ ያውቀዋል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ «ይኸ እግሩ ጎድሏል፣ አንድ ቀዳዳ ተደፍኗል» ይለኛል፤ ልክ ነው። በየዓርቡ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ከጓሮ እንዳቃጥላቸው አደራ ብሎኛል። «የሟች ስም መሬት አይወድቅም» አለ።

ሲቆጣ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዲት ሴት የፍቺ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ባሏ ገብቶ ያለ አንድ ቃል በቡጢ አፏን መታት፤ ደሟ ኪቦርዱ ላይ ተረጨ። ሁለተኛ ሊደግም እጁን ሲያነሣ ዋኘው ከኋላ አንጓውን ያዘው። አልመታውም። ያዘው ብቻ። ሰውዬው ተሳደበ፣ ከዚያ ለመነ፣ ከዚያ ጮኸ። አንድ ነገር ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁት። ሲለቀው እጁ ተንጠልጥሎ ነበር። ዋኘው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ የጀመረውን ካርትሪጅ ሊሞላ ሲል መርፌውን በአንድ ትንፋሽ ገፋው። ቀለም ሲያፈስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አሁንም ውስጤ አለ» አለኝ። «ሄደ ብዬ ነበር። አለ።»

ምኑ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አሁን የእኔን ልናገር። ክረምቱ የበረታበት ዓመት ነበር። የጓሮው እሳት አይነድም፤ ወረቀቱ ክረምቱን ሙሉ ተከማችቶ መሳቢያዬን ሞላው። ከአራዳ ገበያ በርበሬና ቅመም እየገዛች ወስዳ በዳባት ገበያ የምትቸረችር አንዲት ሴት ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች። መሳቢያዬን አይታ፣ «ይህን ሁሉ ወረቀት ምን ታደርጊዋለሽ እትዬ የሺ? መቋጠሪያ አጣሁ እኮ» አለች። አየሁት። አንድ ወገኑ ንጹሕ ነው። ምንም አይጣልም የሚለውን ከእሱ ተምሬአለሁ። ሰጠኋት። ጽሑፉን አላሰብሁትም። በየቀኑ ስላየሁት፣ ጽሑፍ መሆኑን ትቼ ነበር። የምትነግድበትን አገርም እያወቅሁ አላሰብሁትም።

ደጋው በርበሬ አያበቅልም፤ ሁሉም ገዝቶ ነው የሚበላ።

ጥቅምት ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ ቤታችን በባለጉዳይ ተሞልቶ ሳለ፣ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ጋቢውን ተከናንቦ ገባ። ተራ አልጠበቀም። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋ። በርበሬ ያቀላው ነበር። መስመሩም፣ ሦስቱ ሰረዞችም አሉ።

«ይኸ ነው ቤቱ?»

«የምን ቤት?»

«የወንድሜ ስም በርበሬ የሚቋጠርበት ቤት። ሻጯ ከዚህ ደጅ ወድቆ ያነሣሁት ነው ብላለች።»

ወንድሜ ካለ ደርሶ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ» አልሁ። እውነት ነው፤ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ።

«አንቺን ማን አዘዘሽ?»

«ጣቱ የእሷ ነው፤ ቃሉ የኔ ነው» የሚል ድምፅ ከበስተኋላዬ መጣ።

ዋኘው በአንድ እጁ ካርትሪጅ፣ በአንድ እጁ መርፌ ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ይዘው ያየሁት ሲሞላ ብቻ ነበር። ደርሶ አየው። በፊት ያየው ልጅ ሆኖ ነው፤ ግን አወቀው።

«እናቴ አሥራ ሦስት ዓመት ጥቁር ለብሳለች» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «በርበሬ ልትፈታ ብትከፍተው የልጇ ስም። ያነበብሁላት እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ቀለም ቀብተህ፣ እንደ ሰርግ መጥሪያ አስጊጠህ ገበያ ታስበትነዋለህ?»

«ለማስጌጥ አይደለም» አለ ዋኘው። «ቀለሙ እንዳይደርቅ ነው።»

ሌላ መልስ ቢሰጠው ይሻል ነበር። እሱ ግን የተጠየቀውን መመለሱ ነበር።

ደርሶ ከጋቢው ሥር ጩቤውን አወጣ። ሴቶቹ ጮኹ። ዋኘው መጀመሪያ ካርትሪጁን አፉን ደፍቶ ሶፍቱ ላይ አስቀመጠ። መርፌውን ከጎኑ አጋደመ። ከዚያ ተነሣ።

«ከዚህ አይሆንም። ሴቶች አሉ። ውጭ እንውጣ።»

ቀድሞት ወጣ። ጀርባውን ሰጥቶት ወጣ፤ ያ ለበር ጀርባ የማይሰጥ ሰው። ደፉን ሲሻገር ዞረና ፊት ለፊት ቆመለት። የመጀመሪያው ትከሻው ላይ ገባ። ሁለተኛው ጎኑ ላይ። ሲመዘዝ ያሰማውን ድምፅ አልጽፈውም። ሦስተኛው ወደ ደረቱ ሲመጣ ቀኝ መዳፉ ሳያዘው ተነሥቶ ስለቱን ጨበጠ፤ ደርሶ ጎተተው፤ ጣቶቹ እስከ አጥንት ተከፈቱ። ያንን አንጓ እንደ ባልየው ሊይዘው ይችል ነበር። ሰው ሁሉ ያውቃል። አልያዘውም።

ከዚያ ባለጉዳዮቻችን ተነሡ። እኔ መመታታቸውን ስጽፍላቸው የኖርሁ ሰዎች ናቸው። ራሱን በሻሽ የጠመጠመ፣ «ያለ ጥፋቴ በዱላ ተደበደብሁ» ብሎ ያስጻፈኝ ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ድንጋይ ያነሣው እሱ ነው። ደርሶን ጣሉት። በዱላ፣ በጫማ፣ በመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ አናቱን፣ አፉን፣ ሆዱን። ጩቤው የት እንደወደቀ አላየሁም። «ግደለው! ጨርሰው!» ይላሉ፤ ሴቶችም ወንዶችም። ሐጂ «ያ አላህ! ያ አላህ! ከደጄ ነፍስ አይጥፋ!» እያሉ አንዱን ሲጎትቱ ሌላው ይገባል። የደርሶ አንድ ዓይን ተዘግቶ፣ አፉ ውስጥ ደም እየተንዶቀዶቀ፣ እናቱን መጥራት ጀመረ።

ዋኘው ከግድግዳው ሥር ነበር። ተነሣ። እንዴት እንደተነሣ አላውቅም። ሰው መሐል ገብቶ ደርሶ ላይ በሙሉ ቁመቱ ወደቀበት፤ የደርሶን አናት በደረቱ ሸፈነው።

«ተዉት! ከዚያ ቤት ሁለተኛ ሰው በእኔ አይሞትም!»

አልሰሙትም። ደም የቀመሰ ሕዝብ ቶሎ አይሰማም። የዋኘውን ሁለት ጎድን የሰበረው የደርሶ ጩቤ አይደለም፤ የእኛ ሰዎች ድንጋይ ነው። ፖሊስ መጥቶ ወደ ሰማይ እስኪተኩስ ድረስ ከሥሩ ደርሶ፣ ከላዩ እሱ ሆነው፣ የሁለቱ ደም አንድ ላይ ወደ ቦዩ ወረደ።

እኔ ቆሜ ነበር። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ኋላ የካርትሪጁን ሶፍት ጥቅልል ይዤ ሄጄ ጎኑ ላይ መጫን ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አጠገቡ የወደቀችውን፣ በርበሬ ያቀላትን ወረቀት አየ። እንደገና እኔን አየኝ።

ሐኪም ቤት በሦስተኛው ቀን ስጠይቀው መጀመሪያ ያለኝ፣ «ያን ካርትሪጅ አነሣሽው?» ነው።

«አንሥቻለሁ።»

«መስመሩ ቀጥ ብሏል?»

«ብሏል።»

«ሸጋ።» ዓይኑን ከደነ።

ስለ ወረቀቱ አልጠየቀኝም። ወረቀቱን ያቃጥል የነበረው ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

ቀኝ እጁ ድኖም አልታጠፈም። መርፌ መያዝ አልቻለም። እያየ እኔን አስተማረኝ፤ ከአልጋ እንደወጣ ወንበሩን አጠገቤ ስቦ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ይምጠጠው» እያለ። ደርሶ ሲከሰስ ዋኘው ፍርድ ቤት ቀርቦ «እኔ በእሱ ላይ የምለው የለኝም» አለ። ደርሶ ግን ታሰረ፤ አጭር ጊዜ ነው። በወጣ በሁለተኛው ወር፣ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የመለሰችው እናት ራሷ ሽማግሌ ላከች።

የዓይን ምስክር ያስፈልጋል ተብሎ ሐጂና እኔም ሄድን። ከዳባት በላይ ያለ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ነፋሱ አጥንት ይገባል። ሐጂ ከቅጥሩ ውጭ ካሉት ሽማግሎች ጋር ተቀመጡ። ዋኘው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። እናትየዋ ጥቁሯን ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሽ ሴት ናት። ደርሶ ከኋላዋ ቆሟል፤ አንድ ዓይኑ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

«ልጄን ከሕዝብ ዱላ ያወጣኸው አንተ ነህ አሉኝ» አለችው። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። የፊተኛውን የገደልሁትም እኔ ነኝ።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አለች። «በርበሬዬ ላይ አግኝቼዋለሁ።»

ያን ጊዜ ከሽማግሎቹ አንዱ እጁን አነሣ። «ይኸ ይጣራ። የሟች ስም እንዴት ገበያ ወጣ? መሣቂያ ልታደርጉን ነው ወይስ ምንድን ነው? ይህ ሳይታወቅ እርቅ አይጸናም። የሚያውቅ ይናገር።»

ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። በእውነት ተነሥቼ ነበር። ዋኘው ግን ቀና ሳይል ቀደመኝ።

«ከእጄ ነው። ላቃጥለው ስል ነፋስ ወሰደው።»

«ትምላለህ?» አለው ቄሱ።

«እምላለሁ።»

በማይታጠፈው እጁ መስቀሉን ነክቶ ማለ። መግደሉን አንድ ቀን ያልካደ ሰው እኔ ፊት አንድ ውሸት ተናገረ። እኔም ተቀመጥሁ። ድንጋዩን ከአንገቱ ያወረደለት ደርሶ ነው።

እናትየዋ ነጠላ ተሰጥቷት ጥቁሯን ስትለውጥ ሴቶቹ ከበቧት። እኔ ወደ መኪናው ስወርድ ዋኘው ሊሸኘኝ መጣ።

«አያ ዋኘው፣ ለምን ማሉ?» አልሁት። ዳግመኛ አንቱ ያልሁት የዚያን ቀን ነው። አልከለከለኝም።

«አንቺ ሰው አልገደልሽም» አለ። «እኔ ላይ አንድ ቢጨመር አይታወቅም።»

«እውነቱን ልንገራቸው።»

«በሕይወት ሳለሁ እንዳትነግሪ እታለም። መሐላው ፈረሰ ብለው ይነሣሉ። እኔ ከሞትሁ ወዲያ የሚፈርስ ነገር የለም፤ ያን ጊዜ እንደ ወደድሽ።»

እሱ እዚያው ቀረ፤ አገሩ ገባ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ በግራ እጁ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ይዞ ጎንደር ይወርዳል፤ ሽንኩርቱን አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል፤ ካርትሪጁን አስወጥቶኝ በመዳፉ ይመዝነዋል። «አስጠምተሽዋል» ይለኛል፣ ወይም «ሸጋ»። ከእነዚህ በቀር ብዙ አናወራም ነበር። ሐጂ ሲሞቱና ቤቱ ሲዘጋ አንደኛውን ፕሪንተር ልጆቻቸው ለእኔ ሰጡኝ። ዛሬም ፀዳ ከተማ ባለው ቤቴ ውስጥ አለ። የምጽፈው የለኝም፤ ግን እንዳይደርቅ በየሁለት ቀኑ አንድ መስመር አወጣለሁ። «ዛሬ ሰኞ ነው» ይላል፣ «ዛሬ ረቡዕ ነው»።

ደርሶ መርዶውን ነግሮኝ ተቀመጠ። ውኃ ሰጠሁት። ጢሙ ሸብቷል። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ መሆኑን፣ እናቱ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሞት መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ዋኘው እንደ ነበር ነገረኝ። ሲነሣ፣ «ለአርባቸው ይምጡ እትዬ። ይጠሩዎት ነበር» አለኝ።

«እመጣለሁ» አልሁት።

በሩን ዘግቼ ፕሪንተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ረቡዕ ነበር፤ ዛሬ ረቡዕ ነው ብዬ አልጻፍሁም። «ወረቀቱን ለበርበሬ ሻጯ የሰጠሁት እኔ የሺ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ሰረዝ አላደረግሁበትም። ሲወጣ ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። ፊደሉ ሁሉ እግሩ አልጎደለም።

አላቃጠልሁትም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ለአርባው ስሄድ ለደርሶ እሰጠዋለሁ።